የመሸበት ባቡር

«ቡፌ» የምትለዋን ቃል የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ሠርግ ላይ «እስቲ ቡፌ አንሡ» ሲባል ሳህኑን ይዞ ይሰለፋል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ሌላ ቡፌ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን፣ ለእንግዳ ካልሆነ የማይወርዱ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት፣ ልጆች እንዳይነኩት የሚጠበቅ። ቃሏ ከፈረንሳዮች የመጣች ናት። ሦስተኛም ትርጉም አላት፤ ዛሬ ግን ከምድር ባቡር ሰዎችና ከምሥራቁ መስመር ነጋዴዎች በቀር እምብዛም የሚያስታውሳት የለም። በፈረንሳዮች ልማድ ቡፌ ማለት የባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ነው። መንገደኛው ባቡሩ እስኪነሣ አንድ ነገር የሚቀምስበት፣ ባቡሩ ከዘገየም ቁጭ ብሎ የሚያማርርበት ቦታ።

እኛም አገር እንዲህ ያለ ቡፌ አለ። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ። የፈረንጆቹ የጉዞ መጻሕፍት «ቡፌ ዳዋሽ» ይሉታል። ስለዚህ ቤት መጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ያዘገየኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ በቅኝ አልተገዛንም ብሎ የሚኮራ ሕዝብ የቅኝ ዘመን ማረፊያ ቤት ሲኖረው ምን ይበለው? የእኔ ነው ይበል፣ ወይስ የሰው ነው?

መጀመሪያ ግን ከቡፌው በፊት መንገደኛ የት ያድር እንደነበር እናስብ። መልሱን ሁላችንም ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። መንገደኛው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጭስ ወደሚታይበት ቤት ጠጋ ብሎ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» ይለዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል። ጠዋት መርቆ ይሄዳል። ሒሳብ የለም። ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሒሳብ ልክፈል ማለትም ስድብ ነው።

ይህን ስናወራ ዓይናችን እንባ ያቀራል። ለነገሩ ሌላም ገጽታ ነበረው። በቤተ መንግሥት ፈቃድ የሚጓዝ ሹምም ሆነ ፈረንጅ በደረሰበት አገር «ድርጎ» ይቆረጥለት ነበር። እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ፣ ገብሱ ከባላገሩ ጎተራ ይወጣል። ባላገሩ እንግዳውን አልጠራውም፤ እምቢም ሊለው አይችልም። ብዙዎቹ አውሮፓውያን ተጓዦች በማስታወሻቸው ያመሰገኑት የኢትዮጵያ ደግነት ከፊሉ ከዚህ ከድርጎ የተገኘ ነው። ወታደር በየቤቱ ሲመራ የደረሰውን ደግሞ ባናነሣው ይሻላል። «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» የሚለው ተረት ከጨካኝ ሰው አፍ የወጣ አይመስለኝም። ጎተራውን ደጋግሞ ካየ ሰው የወጣ ነው።

ስለዚህ አልጋና ምግብ በገንዘብ የሚሸጥበት ቤት ሲመጣ የመጣው ነውር ብቻ አልነበረም። አንድ ዓይነት ነፃነትም መጥቷል። የከፈለ እንግዳ የማንም ባለዕዳ አይደለም፤ የተከፈለውም አስተናጋጅ የማንም ገባር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፍቱ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን እንደ ውርደት ቆጥረው እንደነበርና ንጉሡና እቴጌዪቱ ራሳቸው አርኣያ ሆነው እንዳለማመዷቸው ሲነገር ሰምተናል። ታሪኩ እየተነገረ ተውቦ ይሆናል። ነገር ግን የከበደው ምን እንደነበረ በደንብ ያሳያል። አስቸጋሪው ምግቡ አልነበረም፤ ሒሳቡ ነው።

ከተማው እንዲህ ሲለማመድ ገጠሩን ያለማመደው ደግሞ ባቡሩ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። እዚያ ቆመ። የቆመው ተራራ ከልክሎት አይደለም። ኩባንያው በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተዋዋለው ውል ምኒልክን አስቆጣቸው፤ እሳቸው ለነጋዴ የሰጡት ፈቃድ በጓሮ በር ወደ አንድ መንግሥት እጅ ሊገባ መሆኑ ታያቸው። ገንዘቡም አለቀ፤ ኩባንያው ከሰረ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ሲዋዋሉ ባቡሩም የውሉ አካል ሆኖ ገባ። ከዚያ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለና ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ አላዩትም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ሐዲድ።

እንግዲህ የኛ ቤት ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። በረሃ ነው፣ ድልድዩ ብዙ ነው፣ ጎርፉ ሐዲድ ይወስዳል፣ ሽፍታም አለ። ስለዚህ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ይታደራል፣ አንድ ሌሊት አዋሽ። ድሬዳዋ ከተማ ነው። አዋሽ ግን ያን ጊዜ ምን ነበር? ገደል፣ ግራር፣ ከብትና ግመል የሚነዱ አፋሮችና ከረዩዎች፣ ከዚህ የቀረ ደግሞ ሙቀት። ባቡሩ እዚያ መሸበት። ሙሴውም፣ ሚሲዮናዊውም፣ ቆንስሉም፣ የጨው ነጋዴውም አብረውት መሸባቸው። የመሸበት ሰው ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል። ቡፌው የተወለደው ከዚህ ነው፤ ከፈረንሳይ ሥልጣኔ ከሚባለው ነገር ይልቅ ከባቡሩ ዝግታ የተወለደ ነው።

ይህን አሰላለፍ የሠራው ግን ማዕረግ ነበር። ባቡሩ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ አለው። የነጭ ጨርቁ ጠረጴዛ፣ ሾርባው፣ አንሶላውና አጎበሩ ለባለ አንደኛ ማዕረግ ነው። ሦስተኛ ማዕረግ ጆንያውን ተንተርሶ ጣቢያው ላይ ያድራል። በአንድ ባቡር መጥተው፣ በአንድ ሙቀት ተጠብሰው፣ በሃያ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ዓለም ሆነው ያድራሉ። «ቅኝ አልተገዛንም» ስንል ይህችን ሃያ ሜትር አንርሳት። ባንዲራው የኛ ነበር፤ ሐዲዱ፣ የጊዜ ሰሌዳውና የእራቱ ዝርዝር ግን የኩባንያው ነበር። ኩባንያው ሕጋዊ መቀመጫውን ወደ አዲስ አበባ ያመጣው በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት መሠረት ነው። እስከዚያ ድረስ በገዛ አገራችን ላይ የሚሄድ የፓሪስ ኩባንያ ነበር።

ቡፌውን ያየሁት በ1996 ዓ.ም. ከሐረር ስመለስ ነው። የተሳፈርኩበት መኪና አዋሽ ላይ ጎማ ሲቀይር ማምሸቱ አይቀርም አልኩና ወርጄ አደርኩ። ከዋናው መንገድ ወደ ጣቢያው የሚወስደው ጎዳና አቧራ ነው። የጭነት መኪናው ጩኸት ከኋላ ሲቀር ፊት ለፊት ነጭ ቀለም የተቀባ ዝቅ ያለ ቤት ይታያል። በረንዳ አለው። በረንዳው ላይ ቡገንቪሊያ ወጥቶበት ጣሪያውን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረውም። ግቢው ጥላ ነው፤ ከውጭው ሙቀት ገብተህ እዚያ ስትቀመጥ ሰውነትህ እፎይ ይላል። ጣሪያዎቹ ከፍ ያሉ፣ መስኮቶቹ ባለ መዝጊያ፣ ወለሉ ከብዙ መወልወል የተነሣ የሚያዳልጥ። የሠራው ሰው በረሃውን ያውቀዋል አልኩ በልቤ። ዛሬ በመስተዋት ሸፍነን በረሃ ላይ የምናቆማቸውን ሆቴሎች አስቤ ትንሽ አፈርኩ፤ እነዚያ መብራት ሲጠፋ ምድጃ ናቸው።

ያስተናገዱኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ነጭ ጃኬት ለብሰዋል፤ ክርናቸው ላይ ተጥፏል፣ ግን ተተኩሷል። እድሜያቸውን ሙሉ እዚያ የሠሩ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት ይገባል?» አልኳቸው።

«የትኛው? የወረቀቱ ነው የሐዲዱ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ቁምነገራቸውን ነው። «እኛ እኮ ሰዓት አናይም ልጄ። ስልክ ነው የምንጠብቀው። ከመተሐራ ተነሣ ሲሉን ድንቹን እንጥዳለን። ቀድመን ከጣድነው ይሟሽሻል፣ ዘግይተን ከጣድነው እንግዳው ይቆጣል። ባቡር ቢዘገይ ባቡር ነው ይባላል፤ ሾርባ ሲዘገይ ግን ሰውዬው ነው የሚሰደበው።»

ስለ አገልግሎት ሙያ ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ እንደ ልማዱ ታላላቆቹን ቆጠሩልኝ። ጃንሆይ አርፈውበታል። ደጎል አድሮበታል። ሌሎችም ሌሎችም። ክፍሉንም ሊያሳዩኝ ተነሡ። ጄኔራል ደጎል ኢትዮጵያን የጎበኙት በነሐሴ 1958 ዓ.ም. ነው፤ የትኛው አልጋ ላይ ተኝተው እንደነበር ግን ለእኔ ብዙም ለውጥ አያመጣም። በዓለም ላይ ያለ አሮጌ ማረፊያ ቤት ሁሉ የሚኮራው በአንድ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ጭንቅላቱን እዚህ ትራስ ላይ አድርጓል። እንግሊዞች በሕንድ የፖስታ መንገድ ዳር የሠሯቸው «ዳክ ባንጋሎ» የሚባሉት ማረፊያዎችም የሚነገርላቸው እንዲሁ ነው፤ ኮሎኔል እገሌ፣ ሌዲ እገሊት። ትራሱን ያጠበውን ሰው የሚያስታውስ የለም።

ስለዚህ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ደጎል አደሩበት ባሉኝ ሌሊት አልጋውን ያነጠፈው ማን ነበር?»

ቆም አሉ። ትሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። ቀጥለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ወጥ ቤቷን፣ አንሶላ አጣቢዋን፣ ውኃ ቀጂውን፣ ሌሊት ፋኖስ ይዞ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ሻንጣ የሚሸከመውን። አንዷ ከድሬዳዋ ነበረች፤ የፈረንሳይኛውን ምግብ ከማዳሟ ተምራ ለሌሎች ያስተማረች እሷ ናት። አንዱ ከረዩ ነበር፤ ወተቱን የሚያመጣ። ስሞቹን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳቸው። ቤተሰቦቻቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ ማተም አልፈለግሁም። ግን አሉ። ዘጠኝ ነበሩ።

«እኔን ያኔ የሚጠሩኝ ቦይ ብለው ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «ፂሜ ከመጣ በኋላም ቦይ ነበርኩ። አብዮቱ ሲመጣ አስተናጋጅ ሆንኩ። ደሞዙ ያው ነው፤ ስሙ ግን ጥሩ ነው።»

ይህች ዓረፍተ ነገር አሁንም ጆሮዬ ላይ አለች። የቤቱ ታሪክ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ ብዬ አስባለሁ። ጥላው፣ አንሶላው፣ ትኩስ ሾርባው እውነት ነው። ሽበት ያለው ሰው «ቦይ» መባሉም እውነት ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። ቤቱን በናፍቆት ብቻ የሚያዩት ሰዎች፣ በተለይ ፎቶ አንሥተው የሚሄዱት፣ ቡገንቪሊያውን ያያሉ። በቁጣ ብቻ የሚያዩት ደግሞ «የፈረንጅ መዝናኛ ነበር፤ ቢፈርስ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ሁለቱም ሽማግሌውን አላዩአቸውም።

ምክንያቱም የቡፌው ትልቁ ነገር ከፈረንጁ እጅ ወደ እኛ እጅ የተሻገረው ሙያ ነው። ንጹሕ አንሶላ በየቀኑ መቀየር፣ የእራት ዝርዝር ጽፎ መለጠፍ፣ ሒሳብ ወረቀት ላይ አድርጎ ማቅረብ፣ እንግዳ ሲነሣ የረሳውን ዕቃ አስቀምጦ መጠበቅ። ዛሬ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ቦታ ተምሮ፣ ወጥቶ፣ ሌላ ቦታ ካልከፈተው በቀር በአገር አይስፋፋም። አብረው ደግሞ ጣቢያው ላይ ሌላ ማረፊያ ቤት በቅሏል፤ በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ዙሪያ። ሻይ በቴርሞስ የያዘች ሴት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ለውዝ፣ ውኃ በጀሪካን፣ ሰሌን በኪራይ። አዋሽ ሰባት ኪሎን ከተማ ያደረጋት ከነጭ ጨርቁ ጠረጴዛ ይልቅ ይህ የሰሌን ሆቴል ነው። ሁለቱም የአንድ ባቡር ልጆች ናቸው። ቅርስ ከተባለ ሁለቱም ቅርስ ናቸው።

የኢጣሊያ አምስት ዓመትም በዚህ ላይ የራሱን ጨምሯል። ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፍርሶ ነው የሄደው። በመካከሉ የመኪና መንገድ ሠራ፤ በየመንገዱ ዳርም ማደሪያና መጠጫ ከፈተ። ከዚያ የቀረልን ቃል «አልቤርጎ» ነው። በጣሊያን አገር አልቤርጎ የተከበረ ሆቴል ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ከቡና ቤት ጀርባ ያለች፣ ግድግዳዋ ሐሳብ የማይሰውር፣ ጠዋት ሰው ሳያይህ የምትወጣባት ክፍል ሆነች። «አልቤርጎ ያዘ» ሲባል የሚያስፈግገን ለዚህ ነው። ቡፌ ወደ ሳሎን ወጣች፤ አልቤርጎ ወደ ጓሮ ወረደች። የቃላት ዕድል እንደ ሰው ዕድል ነው።

ከነፃነት በኋላ የመንገድ ዳር ማረፊያ የራሳችን ሰው ሥራ ሆነ። በስምጥ ሸለቆ ለተጓዘ ሰው የበቀለ ሞላን ሆቴሎች ማንሣት በቂ ነው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ። ያለ ቅኝ ገዢ፣ ያለ ፓሪስ ኩባንያ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ የመሸበት መንገደኛ የት እንደሚደክመው ቆጥሮ አልጋ ዘረጋለት። በእኔ እምነት የቡፌ ዳዋሽ ትክክለኛ ወራሽ ይህ ነው። ውርስ ማለት ሁልጊዜ ቤቱን መያዝ አይደለም፤ ሥራውን መያዝም ነው።

ቡፌው ራሱ ግን ጌታውን እያጣ ሄደ። ባቡሩ ፈጠነና ሌሊትም መሄድ ጀመረ፤ አዋሽ ላይ ማደር ቀረ፤ ቡፌው የጥቂት ደቂቃ ማረፊያ ሆነ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት መስመሩ ተቆረጠ። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. እዚያው አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከድልድይ ላይ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ፤ ከአፍሪካ የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። ከዚያ የጭነት መኪናው መጣ። በ1990 ዓ.ም. የአሰብ በር ሲዘጋ የአገሩ ጭነት በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረና አዋሽ ሰባት ኪሎ የሾፌሮች ከተማ ሆነች። ሾፌር የሚያድረው መኪናው በሚታየው ቦታ ነው፤ ጣቢያው ደግሞ ከአስፋልቱ ርቋል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው አሮጌ ባቡር ጨርሶ ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። የራሱ ሐዲድ፣ የራሱ ጣቢያዎች አሉት። ድሮ ሦስት ቀን የፈጀው መንገድ በሰዓት የሚቆጠር ሆነ። ጥሩ ነው፤ የሚያማርር የለም። ግን ይህ ባቡር የትም አይመሽበትም። የማይመሽበት ባቡር ደግሞ ማረፊያ ቤት አይወልድም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። ቅርስን የሚመለከት ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከወጣ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። ሕጉ ሕንፃ እንዳይፈርስ ሊከለክል ይችላል። ሕንፃ ሥራ እንዲያገኝ ግን ሊያዝዝ አይችልም። ሥራ የሌለው ቤት ደግሞ ማንም ሳያፈርሰው ራሱ ይፈርሳል፤ አንድ ክረምት ቆርቆሮው ይነሣል፣ በሁለተኛው ግድግዳው ውኃ ይጠጣል፣ በሦስተኛው በርና መስኮቱ ለማገዶ ይሄዳል። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ሲነሣበት ከተማው ሁሉ የደነገጠው ለምን ነበር? ሰው ማክሰኞ ማታ ሙዚቃ የሚሰማበት፣ እሑድ ምሳ የሚበላበት ቤት ስለነበር ነው። በር ተዘግቶበት ሰሌዳ ብቻ የተለጠፈበት ቤት ቢሆን ኖሮ ጭሱን ያየ ሰው «ምን ይሆን?» ብሎ ያልፍ ነበር።

ስፔኖች እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ «ፓራዶር» የሚሏቸውን የመንግሥት ማረፊያዎች እየከፈቱ አሮጌ ግንቦቻቸውንና ገዳሞቻቸውን ማደሪያ አድርገዋቸዋል። ቤቱን የሚጠብቀው ዘበኛ ብቻ አይደለም፤ ከፋዩ እንግዳ ነው። እኛ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋ አሮጌ የጣቢያ ሰንሰለት አለን፤ ወፍራም ግንብ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ። አዋሽ ደግሞ አጠገቡ ብሔራዊ ፓርክና ፏፏቴ አለው፤ ወደ ሐረርና ወደ ሚሌ የሚሄዱት መንገዶች የሚለያዩትም እዚያው ነው። ለማረፊያ የሚሆን ቦታ ከዚህ በላይ አይፈለግም። የሚፈለገው ድንቹ መቼ እንደሚጣድ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ደግሞ በጨረታ አይገዛም፤ ከሚያውቀው ሰው ሥር ተቀምጦ ይማራል። ሽማግሌዎቹ እያለፉ ሲሄዱ የሚያልቅብን ይህ ነው። ግንቡ ሌላ ሃምሳ ዓመት ሊጠብቀን ይችላል። እነሱ አይጠብቁም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እንዲህ ያለ ቤት የሚታደስበት ቀን ሲመጣ በሩ ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ መለጠፉ አይቀርም። የንጉሡ ስም ይጻፋል፣ የጄኔራሉ ስም ይጻፋል። ይጻፍ፤ ቅር አይለኝም። ከሥራቸው ግን የወጥ ቤቷ ስም፣ የአንሶላ አጣቢዋ ስም፣ የውኃ ቀጂው ስምና ሽበት አብቅሎ «ቦይ» የተባለው ሰው ሙሉ ስም ከነአባቱ ይጻፍ። ሰሌን አከራይዋም ትጨመር። ይህ ለፈረንሳይ የሚከፈል ዕዳ አይደለም፤ ለእኛው ሰዎች የሚከፈል ውዝፍ ደሞዝ ነው። ያን ጊዜ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄም መልስ ያገኛል። ኩባንያው ቤቱን ሠራው፤ ቤቱን ማረፊያ ያደረጉት ግን እነዚህ ናቸው።

ባላገሩ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ በር ሲከፍት፣ ሽማግሌው አስተናጋጅ ስልኩን ሰምተው ድንቹን ሲጥዱ፣ ሁለቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ የማያውቁት ሰው እንደሚመሽበት አስቀድመው ያስቡለታል። አንዱ በምርቃት፣ ሌላው በደሞዝ። ግንቡ ቢታደስ ደስ ይለኛል። ግን የመሸበት ሰው መጥቶ ሲያንኳኳ «ግባ» የሚል ከሌለበት፣ ያደስነው ግንብ ብቻ ነው።